ጥቁሩ ስክሪን ላይ የወጣውን ሰው እንዲያነበው አድርጎ መላክ

ከቡሬም፣ ከሞጣም፣ ከፍኖተ ሰላምም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ፒንግ አድርጌ ልኬልሃለሁ፤ ምን ይላል?» (ፒንግ ማለት ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ መምጣቱንና ስንት ጊዜ እንደፈጀ የሚለካ ኮማንድ ነው።) የተላከው ግን አብዛኛውን ጊዜ የስክሪን ፎቶ ነው። ግማሹ ደብዝዟል፣ አምፖሉ አንጸባርቆበታል፣ ዋናው የመጨረሻ መስመር ደግሞ ተቆርጧል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «እሺ፣ ይህን ለርዕሰ መምህሩ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?» የሚል ነው። የሁለቱም መልስ ያው ስለሆነ እዚህ ላይ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። የትምህርት ቤት ላብ (የኮምፒዩተር ክፍል)፣ የክሊኒክ፣ የጽሕፈት ቤት ወይም የኢንተርኔት ቤት ኔትወርክ ለምትጠብቁ ሁሉ ይሆናል።

ኮማንድ የምለው በጥቁሩ መስኮት (ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት፣ ኡቡንቱ ላይ ተርሚናል) የሚጻፈውን ትእዛዝ ነው። ኮማንዶቹን በስልክ ስንነጋገር እንደምናነባቸው ነው የጻፍኳቸው። ኮምፒዩተሩ ላይ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናሉ። «-ኤን» ካልኩ ሰረዟንና ኤን የምትባለውን ፊደል አያይዛችሁ ጻፉ። ከዚያ ክፍተት ስጡና ቀጣዩን ጻፉ። ሁሉም በትንሹ ፊደል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዊንዶውስ 10 ወይም 11፣ አለዚያም ኡቡንቱ ያለበት ኮምፒዩተር
- ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ የኔትወርክ ኬብል። በዋይፋይም ይሠራል። ግን ችግሩ የዋይፋዩ ይሁን የመስመሩ መለየት ያስቸግራል።
- ኖትፓድ ወይም ሌላ ተራ የጽሑፍ መጻፊያ
- ቴሌግራም
- ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ «ኤምቲአር» (መንገዱን መመርመሪያ) እና «ሞርዩቲልስ» (ሰዓት መለጠፊያው ያለበት) የሚባሉት ሁለት ፓኬጆች። እነዚህን ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ቀን ጫኗቸው። ኔት ሲጠፋ የኔት መመርመሪያ ማውረድ አይቻልም፤ ብዙ ሰው ግን ትዝ የሚለው ያኔ ነው።

1. ጥያቄውን በአማርኛ አንድ መስመር ጻፉ

ኮማንድ ከመንካታችሁ በፊት ኖትፓድ ክፈቱና ምን ለማወቅ እንደፈለጋችሁ ጻፉ። «ኢንተርኔት የለም» ጥያቄ አይደለም። «ከላብ ኮምፒዩተሩ እስከ ራውተሩ ደህና ነው ወይ?» ግን ጥያቄ ነው። «ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ይቆራረጣል ወይ?» የሚለውም እንዲሁ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ኮማንዶቹ የሚጠየቁትንም የማይጠየቁትንም አንድ ላይ ያወጣሉ። ጥያቄው ከሌለ የትኛውን መስመር እንደምታስቀሩ፣ የትኛውን እንደምትጥሉ አታውቁም። ያኔ ሁሉንም ትልካላችሁ፤ ማንም አያነበውም።

2. መስኮቱን አስፉ፣ ስክሪኑን አጽዱ

ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮልን ተጭናችሁ የማውሱን ጎማ ብታሽከረክሩ ጽሑፉ ያድጋል ወይም ያንሳል። አንድ መስመር ለሁለት ሳይታጠፍ እንዲገባ አድርጉት። የታጠፈ መስመር ዓምዶቹን ያበላሻል፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ አይለይም። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ «ሲኤልኤስ»፣ ኡቡንቱ ላይ «ክሊር» ብላችሁ የቀድሞውን አጥፉ።

3. የኮምፒዩተሩን አድራሻ ብቻ አውጡ

አይፒኮንፊግ ብቻውን ሲጻፍ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን የኔትወርክ ካርድ ሁሉ ይዘረዝራል። ብሉቱዙም፣ ቨርቹዋሉም፣ ያልተሰካውም ይመጣል። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ የኮምፒዩተሩ አድራሻና የጌትዌዩ፣ ማለትም የራውተሩ አድራሻ። ስለዚህ አጣሩት፦

አይፒኮንፊግ | ፋይንድስትር /አይ "አይፒቪ4 ጌትዌይ"

ቀጥ ያለችው መስመር የግራው ኮማንድ ያወጣውን ለቀኙ ታቀብለዋለች። ፋይንድስትር ከሁለቱ ቃላት አንዱ ያለበትን መስመር ብቻ ያስቀራል። «/አይ» የተጨመረችው ትልቅና ትንሽ ፊደል እንዳይለይ ነው። ያለሷ ጌትዌይን በትንሽ ፊደል ብትጽፉት ምንም አይወጣም፤ እናንተ ደግሞ ጌትዌይ የለም ብላችሁ ትደመድማላችሁ።

ኡቡንቱ ላይ አጭሩ መንገድ ይህ ነው፦

አይፒ -ቢአር -ሲ ኤ

«-ቢአር» እያንዳንዱን ካርድ በአንድ መስመር ያሳጥረዋል፤ «-ሲ» ቀለም ይቀባዋል። የራውተሩን አድራሻ ደግሞ «አይፒ አር» ብትሉ «ዲፎልት» በሚለው መስመር ላይ ታገኙታላችሁ።

የኮምፒዩተሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ እዚሁ ቁሙ። ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ አድራሻ ሳያገኝ ቀርቶ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው። ኬብሉን፣ ስዊቹን ወይም ራውተሩን አዩ። ወደ ውጭ ፒንግ ማድረግ ለጊዜው ትርፉ ድካም ነው።

4. በሦስት እርከን ፒንግ አድርጉ

ብዙው ነገር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወደ ራውተሩ፣ ቀጥሎ ውጭ ወዳለ ቁጥር፣ መጨረሻ ወደ አንድ ድረ ገጽ ስም። ራውተሩ 192.168.1.1 ነው ብንል፦

ፒንግ -ኤን 20 192.168.1.1
ፒንግ -ኤን 20 8.8.8.8
ፒንግ -ኤን 20 (እዚህ ላይ የድረ ገጹ ስም)

8.8.8.8 የጉግል የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው) አገልግሎት አድራሻ ነው። ኡቡንቱ ላይ «-ኤን» በሚለው ፈንታ «-ሲ» ጻፉ።

ለምን 20? ዊንዶውስ ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት 4 ብቻ ይልካል። ከ4 አንዱ ቢጠፋ ማጠቃለያው 25% ጠፋ ይላል። የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው፤ የጠፋው ግን አንድ ፓኬት (አንድ የተላከ መልእክት) ብቻ ነው። በ20 ሲሆን አንዱ 5% ነው፤ ቁጥሩ ከእውነቱ ጋር ይቀራረባል። መስመሩ አልፎ አልፎ የሚቆራረጥ ከሆነ ወደ 100 ከፍ አድርጉት።

ለምን ሦስት እርከን? አንደኛው ካልሠራ ችግሩ ግቢ ውስጥ ነው። አንደኛው ሠርቶ ሁለተኛው ካልሠራ ከራውተሩ ጀምሮ ወደ ውጭ ያለው ነው። ሁለቱ ሠርተው ስሙ ብቻ «አልተገኘም» ካለ ዲኤንኤሱ ነው። ሦስት ማጠቃለያ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ኔትወርክ የማያውቅ ሰው እንኳ የት ላይ እንደተበጠሰ ያያል።

ከወጣው ሁሉ ለሰው የሚላከው መጨረሻ ላይ ያለው ማጠቃለያ ነው። እሱ ላይ አራት ነገር ተመልከቱ፦

- ስንት ተልኮ ስንት ተመለሰ
- ትንሹ ጊዜ
- ትልቁ ጊዜ
- አማካዩ

አማካዩን ብቻ አትላኩ። ትንሹ 60፣ ትልቁ 900 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ሆኖ አማካዩ 140 ሊል ይችላል። 140 ሲሉት ደህና ይመስላል፤ በስልክ ድምፅ የሚያወራው ሰው ግን የሚሰቃየው በ900ው ነው።

አሁን ስለ ርቀት። «ገጠር ስለሆንን ነው የሚዘገየው» የሚለውን በየቦታው እሰማለሁ። ሒሳቡን እንሥራ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በመንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልሱ 600 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ርቀቱ የሚበላው ጊዜ 3 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። መሣሪያዎቹ ትንሽ ይጨምሩበታል፤ ቢሆንም አዲስ አበባ ያለ አድራሻ 150 ሚሊሰከንድ ከፈጀ ያዘገየው የአባይ በረሃ አይደለም። የሆነ ቦታ ወረፋ አለ፣ ወይም መስመሩ ደካማ ነው። ውጭ አገር ላለ አድራሻ ግን ርቀቱ ራሱ በአሥርም በመቶም የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የአገር ውስጡንና የውጭውን አንድ ላይ አታወዳድሩ።

ተጠንቀቁ፦ ዊንዶውስ ላይ «ሪፕላይ ፍሮም» ብሎ የሚጀምር መስመር ሁሉ መልስ መጣ ማለት አይደለም። ከፊት ያለው አድራሻ የራሳችሁ ኮምፒዩተር ሆኖ መጨረሻው «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» ካለ፣ ኮምፒዩተሩ መድረስ አልቻልኩም እያለ ነው። ማጠቃለያው ግን ያንን እንደ መልስ ይቆጥርና 0% ጠፋ ብሎ ይጽፋል። ማጠቃለያውን ብቻ ያየ ሰው ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ስለዚህ ወደ ማጠቃለያው ከመሄዳችሁ በፊት ከላይ ያሉትን መስመሮች አንድ ጊዜ በዓይናችሁ እለፉባቸው።

5. መንገዱን ያለ ስም አውጡ

በአራተኛው ደረጃ ችግሩ ከራውተሩ ወደ ውጭ መሆኑ ከታየ ይህን ሥሩ። ፓኬቱ በመንገዱ ላይ የሚያልፍባቸውን መሣሪያዎች (ጣቢያዎች) በተራ ያሳያል። ካልታየ ዝለሉት። ዊንዶውስ ላይ፦

ትሬስርት -ዲ 8.8.8.8

ኡቡንቱ ላይ፦

ኤምቲአር -አር -ደብሊው -ኤን -ሲ 100 8.8.8.8

«-ዲ»ም ሆነ የኤምቲአር «-ኤን» የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ የየጣቢያውን ስም አትፈልግ፣ ቁጥሩን ብቻ ስጠኝ። ስም ፍለጋው ጊዜ ይፈጃል፤ ዲኤንኤሱ ከታመመማ ኮማንዱ ተገትሮ ይቀራል። ረጃጅም ስሞቹም ዓምዱን ያጣምሙታል። በኤምቲአሩ ላይ «-አር» ሲጨርስ ሪፖርት አውጣ፣ «-ደብሊው» መስመር አትቁረጥ ማለት ነው። 100ው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ውጤቱ ላይ ኮከብ ስታዩ አትደንግጡ። ብዙ መሣሪያ ፓኬት ያሳልፋል፤ ለራሱ ሲጠየቅ ግን አይመልስም፣ ወይም ሲመቸው ብቻ ይመልሳል። መሐል ላይ ኮከብ ኖሮ ከሱ በኋላ ያሉት ደህና ከመለሱ የተበጠሰ ነገር የለም። የኤምቲአሩ የመጥፋት መቶኛም እንዲሁ ነው። አንድ ጣቢያ ላይ 60% ጠፋ ብሎ ቀጥሎ ያሉት 0% ከሆኑ ተዉት። ከአንድ ጣቢያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ከቀጠለ ግን ያ ነው የምትፈልጉት። ለሰው ስትልኩ ያንን መስመርና የመጨረሻውን መስመር ምልክት አድርጉባቸው።

6. ሰዓቱን አስገቡ፤ በሁለቱም አቆጣጠር

ፒንግ መቼ እንደተሠራ ራሱ አይጽፍም። «ትናንት ተቆረጠ» ብላችሁ አገልግሎት ሰጪው ጋ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት ሰዓቱን ነው። ዊንዶውስ ላይ ከፒንጉ በፊትና በኋላ እነዚህን ጻፉ፦

ዴት /ቲ
ታይም /ቲ

«/ቲ»ን አትርሱ። ያለሷ ኮማንዱ አዲስ ቀን ወይም ሰዓት አስገቡ ይላችኋል።

ኡቡንቱ ላይ ሞርዩቲልስን ከጫናችሁ የበለጠ ጥሩ ነገር አለ፦

ፒንግ -ሲ 100 8.8.8.8 | ቲኤስ

ቲኤስ በእያንዳንዱ መስመር ፊት ቀንና ሰዓት ይለጥፋል። ስንት እንደሚላክ በ«-ሲ» መወሰናችሁ እዚህ ላይ ግዴታ ነው በሉት። ሳትወስኑ ጀምራችሁ በኮንትሮልና ሲ ካቋረጣችሁት ቲኤስም አብሮ ይሞትና ማጠቃለያው ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ሰዓቱን መልሱት። ኮምፒዩተሩ 10:10 ያለው በኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10 ነው። 14:30 ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። 20:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 03:00 ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በሪፖርቱ ላይ ሁለቱንም ጻፉ። «በ8 ሰዓት ተቆረጠ» ብቻ ካላችሁ መዝገቡን የሚያይ ባለሙያ 08:00 ላይ ይፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ ምንም አያገኝም። ቀኑም ያው ነው፤ የኛንም የፈረንጁንም አስቀምጡ። ሰርቨር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ተሞልቶ እንደሆነ አዩ። ዩቲሲ ከአገራችን መደበኛ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

7. ፎቶ አታንሱ፤ ፋይል አድርጉት

ፒንግ -ኤን 20 8.8.8.8 >> ቡሬላብ.ቲኤክስቲ

ሁለት ቀስት ከነበረው ሥር ይጨምራል። አንድ ቀስት የነበረውን አጥፍቶ ከአዲስ ይጽፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱን ልመዱ። ከፎቶ ላይ ቁጥር ኮፒ አይደረግም፤ ከፋይል ይደረጋል። የሚረዳችሁ ሰውም በስልኩ አጉልቶ ማየት ይችላል።

በዚህ መንገድ ስታስቀምጡ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ተሰቅሏል ብላችሁ አትዝጉት፤ ወደ ፋይሉ እየጻፈ ነው። ኡቡንቱ ላይ እያያችሁ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ በሁለቱ ቀስት ፈንታ «| ቲ -ኤ» ጻፉና የፋይሉን ስም አስከትሉ። ቲ የሚባለው ኮማንድ ሦስት ፊደል ነው፤ ቲ፣ ኢ፣ ኢ።

የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ያለ ክፍተት ስጡት። ጥቁሩ መስኮት ብዙ ጊዜ የአማርኛ ፊደልን እንደ ሣጥን ነው የሚያሳየው፤ ያኔ የራሳችሁን ፋይል መልሳችሁ ማግኘት ይቸግራል።

8. ቅጂ ሥሩና ከርክሙት

ዋናውን ፋይል እንዳለ ተዉት። ኮፒ አድርጉና ቅጂው ላይ ሥሩ። ማጠቃለያዎቹን፣ ሰዓቱንና ችግር የሚያሳዩትን መስመሮች አስቀሩ። ሌላውን አጥፉ። ዋናው ለምን ይቀመጣል? አገልግሎት ሰጪው «ሙሉውን ላኩልኝ» የሚልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የቆረጣችሁትን ከየትም አታመጡትም።

ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ዓምዱ እንዳይፈርስ ከጽሑፉ በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት ጭረት አድርጉ። ኪቦርዱ ላይ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችው ወደ ኋላ ያዘነበለች ጭረት ናት። ስልክ ላይ ከሆናችሁ ጽሑፉን መርጣችሁ «ሞኖ» የሚለውን ንኩ። እንዲህ ሲሆን የእንግሊዝኛ ፊደላቱ ሁሉ እኩል ስፋት ይኖራቸዋል። የአማርኛ ማብራሪያችሁን ግን በዚያ ውስጥ አትቀላቅሉ። የኛ ፊደል ስፋቱ ከነሱ ስለማይገጥም ሰንጠረዡ ይዛባል። አማርኛው ከላይ፣ ውጤቱ ከሥር።

9. ከላይ አራት መስመር አማርኛ ጻፉ

ርዕሰ መምህሩም ሆኑ ሥራ አስኪያጁ የሚያነቡት ይህንን ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

> ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡10 (ኮምፒዩተሩ ላይ 10:10)
> ከላብ እስከ ራውተር፦ 20 ተልኮ 20 ተመለሰ፤ አማካይ 1 ሚሊሰከንድ
> ከራውተር ወደ ውጭ፦ 20 ተልኮ 13 ተመለሰ፤ 7 ጠፋ (35%)፤ ትልቁ 940 ሚሊሰከንድ
> የሚመስለው፦ የግቢው ኬብል ደህና ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ጀምሮ ነው

«የሚመስለው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ራሱ ራውተሩ ታሞም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ያሳየውን ጻፉ፤ ጥፋተኛውን ገና አትሰይሙ። «ሎስ»፣ «ላተንሲ»፣ «ሆፕ» የሚሉትንም ለባለሙያ ብቻ ተዉአቸው። ለአለቃችሁ «ጠፋ»፣ «ዘገየ»፣ «ጣቢያ» ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ

- ለብዙ ሰው በሚታይ ግሩፕ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር)፣ የኮምፒዩተር ስምና ከውጭ የሚታየውን አይፒ ሸፍኑ። በ192.168 የሚጀምሩትን መሸፈን ግድ አይደለም፤ ከግቢ ውጭ ለማንም አይጠቅሙም። የዋይፋይ ፓስወርድ ያለበትን ስክሪን ግን በምንም ዓይነት አትላኩ።
- ክረምት ላይ ነጎድጓድ ካለ ምርመራውን ተዉት። ኬብሉንና የራውተሩን ሶኬት ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ንቀሉ። መብረቁ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።
- «ፒንግ -ቲ» እስክታስቆሙት አይቆምም። ከፍታችሁት ወደ ቤት አትሂዱ፤ ማጠቃለያውንም ለማየት በኮንትሮልና ሲ አቁሙት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

*የዊንዶውሱን ኮማንድ ኡቡንቱ ላይ መጻፍ።* ኡቡንቱ ላይ የፒንግ «-ኤን» ቁጥር አይቀበልም፤ ስም አትፈልግ ማለት ነው። 20ውን እንደ አድራሻ ያየዋል። ለቁጥር «-ሲ» ነው።

*በቀለም የወጣውን ወደ ፋይል ማስገባት።* «አይፒ -ሲ» ቀለሙን ፋይሉ ውስጥም ይጽፈዋል። ስትከፍቱት በየቃሉ መሐል ቅንፍና ቁጥር ተደንቅሮ ታገኛላችሁ። ለዓይን ስትፈልጉ በ«-ሲ»፣ ለፋይል ያለ «-ሲ»።

*ሰው ሁሉ ቪዲዮ እያየ መለካት።* ላቡ ውስጥ 30 ተማሪ እያወረደ ፒንግ ብታደርጉ የምትለኩት የተማሪዎቹን ወረፋ ነው። አንድ ጊዜ በሥራ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ላቡ ባዶ ሲሆን ለኩና ሁለቱንም ጎን ለጎን ላኩ።

*ፒንግ ስላልመለሰ ድረ ገጹ ወድቋል ማለት።* አንዳንድ ድረ ገጽ ለፒንግ መልስ እንዳይሰጥ ተዘግቷል፤ በብራውዘር ግን ይከፈታል። ስሙ ወደ ቁጥር ተለውጦ ከታየ ዲኤንኤሱ ሥራውን ሠርቷል። ለሦስተኛው እርከን የምትፈልጉት ይህንኑ ነው፤ መልሱ ባይመጣም ችግር የለውም።